መሪው ስለ ምን ተንቀጠቀጠ?

በእነዚህ ገጾች ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጾምና ስለ በዓል አከባበር፥ ስለ ቤት አያያዝም ማንበብ ለለመደ ሰው፥ ስለ መኪና ፍሬን የሚናገር ጽሑፍ ሲገጥመው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መኪና በዛሬው ጊዜ ከብዙ ቤተሰብ ደጅ የቆመ ዕቃ ሆኖአል። በሽተኛውን ወደ ጠበል፥ ሕፃኑን ወደ ክርስትና፥ ሙሽሮቹን ወደ ሥርዓተ ተክሊል የሚያደርሰው እርሱ ነው። እንግዲህ አባትና እናት ከነልጆቻቸው ሕይወታቸውን አምነው የሚሳፈሩበትን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ከቤት አያያዝ የሚቈጠር ነው እንላለን።

ይህንንም የምንጽፈው የመኪና ዐዋቂዎች ስለ ሆንን አይደለም። ባለማወቃችን፥ ይልቁንም እውነቱን ሁሉ ባለመናገራችን በዓባይ በረሃ ላይ የደረሰብንን ነገር ተርከን፥ ከዚያ ያተረፍነውን ትምህርት ለሌላው ለማካፈል ነው እንጂ።

እኛ ባልና ሚስት የሁለት ልጆች ወላጆች ስንሆን መኖሪያችን በአዲስ አበባ ነው። የአንዳችን እናት ግን የሚኖሩት በደብረ ማርቆስ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ፥ ዓይናቸውን እንዲታከሙ ወደ አዲስ አበባ ልናመጣቸው ሄድን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሱሉልታን አልፎ፥ የደብረ ሊባኖስን መገንጠያ በስተቀኝ ትቶ፥ በደጋው ሜዳ ላይ ረዥም ሰዓት ከሄደ በኋላ ጎሐ ጽዮን ላይ ሲደርስ ምድሪቱ በድንገት ታበቃለች። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግማሹ ቍልቍለት፥ ግማሹ ዐቀበት ነው። ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ያህል ይሆናል። ከታችም ሁለት ድልድዮች በአቅራቢያ ይታያሉ፤ አንደኛው በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው አሮጌው ሲሆን፥ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ለአገልግሎት የበቃው የኅዳሴ ድልድይ ነው።

የዚህን ቍልቍለት ጠባይ የጎጃም ሾፌሮች ጠንቅቀው ያውቁታል። እኛ ግን የከተማ ነጂዎች ነንና በሜዳ እንደምንነዳው በአራተኛ ማርሽ ሆነን፥ እግራችንን ከፍሬኑ ላይ ሳናነሣ እስከ ታች ወረድን። ድልድዩም አጠገብ መኪናዎች ተሰልፈው ስለ ነበር፥ የጋለውን ፍሬን አጥብቀን እንደ ረገጥን ለብዙ ደቂቃ ቆምን። ደብረ ማርቆስ ከገባን በኋላ ደግሞ አንድ የፊት ጎማ ምስማር ወግቶት ተነፈሰ። ጎማውን የለወጠልን ሰው ብሎኖቹን አንዱን ከአንዱ ቀጥሎ በዙሪያው እያሰረ፥ በረዥም ብረት ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ አጠበቃቸው። እኛም ጕልበቱን አድንቀን፥ ዋጋውን ከፍለን ተሰናበትነው።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ምንም አልታየብንም። በመጋቢት ወር ግን ለአንድ የክርስትና ድግስ ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ፥ በፈጣኑ መንገድ ላይ ፍሬን ብንይዝ መሪው በእጃችን ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ፍሬኑን ስንለቀው ጸጥ አለ፤ ስንይዘው ተመለሰ። ከሁለታችን አንዳችን፥ «ይህ ነገር ደኅና አይደለም» ብትል፥ ሌላው፥ «አስፋልቱ ነው» ብሎ መለሰ። አስፋልቱ ግን እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነበር።

መንቀጥቀጡም እየባሰ በሄደ ጊዜ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። እዚያም «መሪው ይንቀጠቀጣል» ስንላቸው ጎማዎቹን ባላንስ ሠሩልን። አልዳነም። ወደ ሁለተኛ ጋራዥ ሄደን ያንኑ ቃል ብንደግመው ደግሞ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዙትን መገጣጠሚያዎች ለወጡልን። አሁንም አልዳነም። ሁለት ጊዜ ገንዘብ ከፍለን ሁለት ጊዜ «ተሠርቶአል» የሚል ቃል ይዘን ተመለስን። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎቹን አማናቸው። ኋላ ግን ስናስበው በደሉ የእነርሱ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳን። «መሪው ይንቀጠቀጣል» አልን እንጂ «ፍሬን ስንይዝ ብቻ ነው» አላልንም። ጎማው መቼ እንደ ተፈታ፥ ዓባይንም እንዴት አድርገን እንደ ወረድን አልተናገርንም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለምን? እኛ የበሽታውን ግማሽ ደብቀን ሙሉ ፈውስ ፈለግን።

የትንሣኤ በዓል በዚያ ዓመት ሚያዝያ 20 ቀን ዋለ። እናታችን ዓይናቸው ስለ ተሻላቸው፥ ሚያዝያ 30 ቀን የሚውለውን የቅዱስ ማርቆስን በዓል በደብራቸው ለማክበር ቸኰሉ። ስለዚህ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፥ ሰኞ ሚያዝያ 28 ቀን፥ አምስት ነፍስ ሆነን፥ ቡናውንና ጋቢውን የልጆቹንም ልብስ ጭነን ተነሣን። መሪው ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር እናውቃለን። «በዓሉ ሲያልፍ እናሠራዋለን» ተባባልን።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቍልቍለቱን እንደ ጀመርን መንቀጥቀጡ ከቀድሞው ይልቅ በረታ። በዓባይ በረሃ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን በየስፍራው ስለሚያጣምመው፥ እንደ ልማዳችን በመንገዱ ልናመካኝ ሞከርን። ነገር ግን አስፋልቱ ደኅና በሆነበትም ስፍራ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገል ነበር። ጥቂት ቈይቶ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ፍሬኑም ሲረገጥ የቀድሞ ጥንካሬውን ትቶ እንደ ለስላሳ ነገር ወደ ታች ይሰምጥ ጀመር። በግራ በኩል ከገደሉ ጫፍ በቀር የሚታይ አልነበረም።

እናታችን ከኋላ ወንበር በዝግታ፥ «ልጄ፥ የሚንቀጠቀጠው መኪናው ነው ወይስ አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁ።

መሪውን የያዘውም፥ «እማዬ፥ ግድ የለም፤ ቅዱስ ማርቆስ ያደርሰናል» አላቸው።

እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ላይ አውጥቶ፥ ዝለል፥ መላእክት ይይዙሃል ያለው ማን ነበር? ቅዱሱን አትፈታተነው። አቁም!» አሉት።

ይህ ቃል ከፍሬኑ ይልቅ አቆመን ማለት ይቻላል። ማርሹን ወደ ታች ቀይረን፥ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ አድርገን እየሳብን፥ በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ስፍራ አግኝተን ቆምን። ከቀኙ የፊት ጎማ ጢስ ይወጣ ነበር። ልጆቹን ከእናታችን ጋር ወደ ጥላ አስቀምጠን የመጠጥ ውሃችንን በጎማው ላይ ልናፈስስ ስንል፥ ከበስተኋላችን ይወርድ የነበረ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ፥ «ወንድሜ፥ ውሃ እንዳታፈስበት! የጋለ ብረት በአንድ ፊቱ ብቻ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል» ብሎ ጮኸ። ወርዶም ለእናታችን፥ «እንደምን ዋሉ እናቴ» ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ፥ «በስንት ማርሽ ነው የምትወርደው?» ሲል ጠየቀ። «በአራተኛ» ብንለው ራሱን ነቀነቀ። «ዓባይን በምትወጣበት ማርሽ ነው የምትወርደው። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑ ይረፍ» አለን።

የነገሩን ትርጕም ኋላ ቍጥር ይዘን ብንመረምረው እጅግ አስደነቀን። ከ1,400 ሜትር ከፍታ የሚወርድ መኪና በቍልቍለቱ የሚያገኘው ኀይል፥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን መኪና 55 ጊዜ ያህል ፈጽሞ ከማቆም ጋር የሚተካከል ነው። ነፋሱና የጎማው መጎተት ድርሻቸውን ቢወስዱ እንኳ፥ የተረፈው ከ30 ጊዜ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ኀይል ወዴትም አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሞተሩ ካልተሸከመው የሚሸከሙት ሁለት የፊት ዲስኮችና ከኋላ ያሉት ታምቡሮች ብቻ ናቸው። የፍሬን ዘይትም ከዓመት ወደ ዓመት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ስለሚያድር፥ ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎትም ይሆናል። እንፋሎት ሲጫኑት የሚታመቅ ነገር ስለ ሆነ፥ እግራችን የሚጫነው ዘይቱን መሆኑ ቀርቶ እንፋሎቱን ይሆናል። ፍሬኑ የለሰለሰብን ስለዚህ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ፍሬኑ ጥንካሬው እንደ ተመለሰለት ሾፌሩ ራሱ ደጋግሞ ረግጦ ካረጋገጠ በኋላ፥ ከፊታችን እየመራ በሁለተኛ ማርሽ አወረደን። ፍሬን ባስፈለገ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፈጽሞ መልቀቅ እንጂ፥ እግርን እንደ ትራስ ጭኖ መዋል እንደማይገባ አስተማረን። ድልድዩን ተሻግረን፥ ዐቀበቱን ወጥተን፥ ደጀን ላይ ስንሰነባበት ስሙን እንኳ ሳንጠይቀው ሄደ። ደብረ ማርቆስም ሲመሽ ገባን።

በማግሥቱ ማክሰኞ መኪናውን በዝግታ ነድተን በዕድሜ ጠና ወዳሉ አንድ መካኒክ ወሰድነው። እኚህ ሰው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠይቁን ጀመር።

«ፍሬን ሳይያዝ በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል?» «የለም ጋሼ፤ ፍሬን ስንይዝ ብቻ ነው» አልናቸው። «እንግዲህ የባላንስ ነገር አይደለም፤ ባላንሱ የተዛባ ጎማ ፍሬን ተያዘ አልተያዘ በአንድ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል» አሉ። «የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ ወንበሩ?» «ይልቁን መሪው ነው።» «መሪው ከሆነ ከፊት ነው፤ የኋላው ቢሆን ኖሮ ይበልጡን በወንበሩና በፍሬኑ ፔዳል ይሰማችሁ ነበር።» «ወደ አንድ ጎን ይስባል?» «ጥቂት ወደ ቀኝ ይስባል።» «ጎማ መቼ ተፈታ?» «በጥር።» «ማን አሰረው? እንዴት አድርጎ?» ይህንንም ነገርናቸው።

በመጨረሻም፥ «ዓባይን እንዴት ወረዳችሁ?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። ታናሹ ልጃችን ግን፥ «አባዬ እግሩን ከፍሬን ላይ አያነሣም ነበር፤ በጥርም እንደዚሁ ነው» ብሎ ተናገረ። መካኒኩ ፈገግ ብለው፥ «መልካም፤ አሁን በሽታው ተገኘ» አሉ። ከዚያም ከድንጋዩ ተነሡ።

መኪናውን በክሪክ አንሥተው በመደገፊያ ላይ ካሳረፉት በኋላ በመጀመሪያ ጎማውን በሁለት እጃቸው ላይና ታች፥ ግራና ቀኝ እየነቀነቁ የመገጣጠሚያውን መላላት መረመሩ፤ ደኅና ነበር። ጎማውን ፈትተው፥ ሰዓት የመሰለ መለኪያ በዲስኩ ፊት ላይ አስጠግተው ዲስኩን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። የመለኪያው ቀስት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ቢያነቡት 0.15 ሚሊ ሜትር ሆነ። «ከ0.05 ባያልፍ መልካም ነበር» አሉ። ቀጥለውም የዲስኩን ውፍረት በዙሪያው በስምንት ስፍራ በማይክሮሜትር ለኩት። ከወፍራሙ ስፍራ እስከ ቀጭኑ ያለው ልዩነት 0.04 ሚሊ ሜትር ነበር። የሰው ጠጕር 0.07 ያህል ይወፍራል ቢባል፥ አምስት ሰው የጫነውን መኪና ያናወጠው ነገር ከአንድ ጠጕር ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። መካኒኩ ግን እንደ ነገሩን፥ ዲስክ በእውነት እንደ ቆርቆሮ የሚጣመመው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚበዛው ውፍረቱ እኩል አለመሆን ነው። በእኛ መኪና ላይ ይህ የመጣው በሁለት መንገድ ነበር።

አንደኛው የብሎኑ አስተሳሰር ነው። ዲስኩን አውልቀው ከኋላው ያለውን ማረፊያ ሲያሳዩን ዝገት ተጋግሮበት ነበር። በዝገት ላይ የተቀመጠና በአንድ በኩል ከመጠን በላይ፥ በሌላው በኩል አሳንሶ የተጠበቀ ዲስክ ጥቂት ያዘነብላል። ያዘነበለውም ፊቱ በዞረ ቍጥር ሸራውን ይነካዋል። ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ እንኳ ቀን ከሌት ሲነካው በዚያ ስፍራ እየሳሳ ይሄዳል። በጥር የተበደለው ዲስክ እስከ መጋቢት ድረስ ዝም ያለው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ሺህ ጊዜ መዞር ነበረበትና። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ ከራሱ ላይ እየቀለጠ በዲስኩ ፊት ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ይለጠፋል። ይልቁንም በጋለ ጊዜ አጥብቆ ረግጦ መቆም፥ በሰም ላይ እንደሚታተም ማኅተም የሸራውን ምልክት በአንድ ስፍራ ያትመዋል። በድልድዩ አጠገብ ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

በወፍራሙ ስፍራ ፍሬኑ አጥብቆ ይይዛል፥ በስሱ ስፍራ ይላላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እንደኛ ያለ ትንሽ መኪና ጎማው በአንድ ሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ይህ መያዝና መልቀቅ በሴኮንድ 12 ጊዜ እየተመላለሰ በመሪው ዘንግ በኩል ወደ እጅ ይደርሳል። እጅ የሚሰማው መንቀጥቀጡን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከእጅ ርቆ በማይታይ ስፍራ ተቀምጦአል።

ሦስተኛም ነገር ተገኘ። በቀኙ በኩል ሸራውን የሚጨብጠው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ዘንግ ቅባቱ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ስለዚህ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላም ሸራው ከዲስኩ ፈጽሞ አይላቀቅም። መኪናው ወደ ቀኝ መሳቡና ጢሱም ከቀኙ ጎማ መውጣቱ በዚህ ምክንያት ነበር።

ዲስኩን በቶርኖ አስልቶ ማስተካከል ይቻል እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ውፍረቱ ከፈቀደ ይቻላል» ብለው በዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር አሳዩን፤ ከ20 ሚሊ ሜትር መሳሳት የለበትም ይላል። የእኛ 20.3 ደርሶ ስለ ነበር፥ ቢላጭ ከልኩ በታች ሊወርድ ሆነ። የሳሳ ዲስክ ደግሞ ሙቀትን መሸከም አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም ዲስኮች ከነሸራዎቻቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እንዲላኩ ታዘዘ። አንዱን ለውጦ አንዱን መተው ግራና ቀኙን ያበላልጣልና አይገባም አሉን።

ረቡዕ የቅዱስ ማርቆስ በዓል፥ ሐሙስ ደግሞ ግንቦት 1 ቀን ልደታ ለማርያም ነበረ። መካኒኩ በሁለቱም ቀን ጋራዡን አይከፍቱም። እኛ ሐሙስ በሥራችን ላይ መገኘት ነበረብንና ነገሩ ከበደን፤ ነገር ግን መኪናው በመደገፊያ ላይ ቆሞአልና ምን እናደርጋለን? ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ስሟን ወዳገኘችበት ወደ ደብሩ፥ የእናታችንን እጅ ይዘን በእግራችን ሄድን። በሰው መካከልም እኚያን መካኒክ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አየናቸው።

በዚያ ቀን ሰባኪው የአንያኖስን ታሪክ ተናገሩ። ቅዱስ ማርቆስ ወደ እስክንድርያ በገባ ጊዜ በመንገድ ብዛት ጫማው ተበጠሰ። ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድም ወሰደው፤ ስሙ አንያኖስ ነው። አንያኖስ ሲሰፋ መስፌው እጁን ወጋው፤ ቅዱሱም እጁን ፈወሰለት፥ ወንጌልንም አስተማረው። ያ ጫማ ሰፊ አምኖ ተጠመቀ፤ በኋላም ከቅዱስ ማርቆስ ቀጥሎ በመንበሩ ተቀመጠ። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በዚያ ቀን ግን ከቶ ያላስተዋልነውን ነገር አስተዋልን። እጅን በተአምር የፈወሰው ሐዋርያ፥ ጫማው ሲበጠስ ተአምር አላደረገበትም፤ ወደ ባለ ሙያ ወሰደው እንጂ። እኛ ግን በቅዱሱ ስም የተበጠሰ ጫማ ተጫምተን ገደል ለመውረድ ደፍረን ነበር። ከመስተዋታችን ላይ መስቀል ሰቅለን፥ በመኪናው ፊት ሥዕለ አድኅኖ ለጥፈን፥ ከጎማው ላይ ግን ዓይናችንን መልሰን ነበር። መስቀሉ ይጠብቃል፤ የተሰጠንን አእምሮ እንድንጥል ግን አላዘዘንም።

ሐሙስ ዕለት እናታችን የልደታን ንፍሮ ቀቅለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከደጅ ሲቀማመሱ፥ ልጆቻችን ያን በዓል በጎጃም ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። መሪው ባይንቀጠቀጥ ኖሮ ይህን ሳናይ በችኰላ በተመለስን ነበር።

ዓርብ ግንቦት 2 ቀን ሥራው ተፈጸመ። መካኒኩ የዲስኩን ማረፊያ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ድረስ አጸዱት። አዲሱን ዲስክ አስቀምጠው በመለኪያው ቢያዩት መወዛወዙ ከ0.04 አላለፈም። የተጣበቀውን ዘንግ አጽድተው ሙቀት በሚችል ግሪስ ቀቡት። አሮጌው የፍሬን ዘይት እንደ ቡና ጠቍሮ ነበርና እርሱንም ለወጡት። ጎማውን ባሰሩ ጊዜ ብሎኖቹን በዙሪያው ተራ በተራ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ፥ አንዱን ካሰሩ በኋላ በትይዩ ወዳለው እየተሻገሩ፥ በመጀመሪያ በልል፥ በሁለተኛው ዙር አጥብቀው አሰሩአቸው። የጥብቀቱንም መጠን በሚለካ ቁልፍ ለኩት፤ ለእኛ መኪና 100 ኒውተን ሜትር ያህል ነው አሉን። በሁለት እግር መቆም አላስፈለጋቸውም።

አዲስ ዲስክና ሸራ እርስ በርሳቸው እስኪላመዱ ድረስ መታሸት ይሻሉ። ስለዚህ ከከተማው ወጥተን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፥ በሰዓት ከ60 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ በመጠኑ እያበረድን፥ ፈጽሞ ሳንቆም አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። ቀጥሎም ፍሬን ሳንይዝ ጥቂት ነድተን አቀዘቀዝነው። መሪው በእጃችን ውስጥ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ አለ።

ቅዳሜ ጧት እናታችንን ተሰናብተን ተነሣን። ሲመርቁን፥ «በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ» ብለው ጨመሩበት። ከደጀን ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ሆነን፥ ሞተሩ እያጓራ፥ በዝግታ ወረድን። ከበስተኋላችን የቸኰሉ ጡሩንባ ነፉብን፤ አሳለፍናቸው። በድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ፍሬናችን አልሸተተም፥ መሪያችንም አልተናወጠም። ልጃችንም ከኋላ ሆኖ የአባቱን እግር ይመለከት ነበር።

አንባብያን ሆይ፤ መሪያችሁ የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ እኛ ያደረግነውን አታድርጉ። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ አስተውሉ፤ ፍሬን ስትይዙ ብቻ ነውን? በምን ያህል ፍጥነት? መሪው ነው ወይስ ወንበሩ? ወደ ጎን ይስባልን? ጎማው መቼ ተፈታ? በድንገት አጥብቃችሁ ስትይዙ ብቻ ፔዳሉ ከእግራችሁ በታች ቢንቀጠቀጥ፥ ያ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው የኤ.ቢ.ኤስ. ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በሽታም አይደለም። ነገር ግን በዘወትር አያያዝ የሚንቀጠቀጥ፥ ፔዳሉም የሚለሰልስ፥ ሽታም የሚሰማበት መኪና ቤተሰብ ሊጫንበት አይገባም። ለባለ ሙያውም የምታውቁትን ሁሉ፥ ይልቁንም የራሳችሁን ጥፋት፥ ሳትሸሽጉ ንገሩት።

ይህን ስንጽፍ ስለ ንስሓ ያስተማሩን አባቶች ቃል ትዝ ይለናል። ወደ ነፍስ አባታችን ቀርበን «አባቴ፥ ልቤ ይታወካል» ማለት ቀላል ነው። መቼ እንደሚታወክና እግራችንን በምን ላይ ጭነን እንደ ወረድን መናገር ግን ይከብዳል። ብዙ ጊዜም ግማሹን ተናግረን፥ ያልታመመውን አስለውጠን እንመለሳለን። በዚያ ማክሰኞ ከእኛ ይልቅ እውነቱን የተናገረው ሕፃኑ ነበር፤ የዳንነውም በእርሱ ቃል ነው።

እግዚአብሔር ቍልቍለቱንም ዐቀበቱንም በሰላም የምናልፍበትን ማስተዋል ይስጠን። አሜን።